ኮፓው ሳይዘጋ

ወንድሞቼ፣ በዚህ ሥራ ፀጉራችን ሸብቷልና ሳልሸፋፍን ልናገር። ካሚቻ በቀየርን ማግስት ሞተር አስነስተን ባለ ትራክተሩን መሸኘት ለምደናል። ይህ ልማድ የሰው እንጀራ እየዘጋ ነው።

የማወራው አርሲና ባሌ ላይ ዛሬም ስለሚያርሰው ኤምቲዜድ 80፣ ስለ ቤላሩስ ነው። የዲ-240 ሞተሩ አራት ካሚቻ አለው፤ ውስጡ 110 ሚሊሜትር፣ ጀርባው በቀጥታ ውሃ ውስጥ የቆመ። ከታች ውሃውን ከዘይቱ የሚለዩት በሞኖብሎኩ ቦዮች ውስጥ የሚቀመጡት ሁለት ሁለት ኦሪንጎች ብቻ ናቸው። ሌላ ግድግዳ የለም።

እኔ ራሴ የሰው ንብረት አጥፍቻለሁ። ሰኔ ነበር። ባለ ትራክተሩ ለጎረቤቶቹ ሊያርስ ቃል ገብቶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስቱ ካሚቻዎች በመዳፌ ግፊት ገቡ። አራተኛው እምቢ አለ። አውጥቼ ማየት ሲገባኝ እንጨት አስደግፌ በመዶሻ መታሁት፤ ገባ። በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ከፍ ብሏል፤ ማን ጨመረበት? ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ሞተር የኮፓውን ቡሎን ቀስ ብዬ ሳላላ መጀመሪያ የወረደው ጥሩ ውሃ ነው፤ ዘይቱ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ከኋላ መጣ። ኮፓው ሲወርድ ከሥሩ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጥቁር ጎማ ተገኘች። በቦዩ ውስጥ ሳልፍቀው የቀረ ዝገት ኦሪንጉን ወደ ውጭ ገፍቶት፣ ካሚቻው ሲወርድ ቆርጦታል። ብሮንዚኖቹ ተበልተዋል፣ ክራንክሻፍቱ ተፋፍቋል። ገንዘቡን መለስኩለት። የሰኔውን ዝናብ ግን ከየት አመጣለታለሁ?

ስለዚህ አደራ። ቦዩን ብረቱ እስኪታይ ፍቁ፤ ዓይናችን ደክሟልና በጣት ጫፍ ዙሩት። ካሚቻውን መጀመሪያ ያለ ኦሪንግ አስገቡና በእጅ ይዞር እንደሆነ እዩ። አንገቱ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር አንድ ወገኑ ከፍ ይላል፤ ቴስታታው ሲጠብቅ አንገቱ ይሰነጠቃል። ኦሪንጉ ሳይጠማዘዝ ይቀመጥ፣ በሳሙና ውሃ ይርጠብ። ሲልኮን መቀባቱን ተዉት፤ ቦዩን ይሞላውና ጎማው የሚተኛበት ያጣል። የገባውንም ካሚቻ በቡሎንና በወፍራም ሮንዴላ ሳትይዙ ክራንኩን አታዙሩ። የፒስተኑ ፋሻ ይዞት ይነሳና የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ኮፓው ሳይዘጋ ውሃ ይሞላ። የውሃ ፓምፑን በር ድፈኑ፣ ማፍሰሻውን ዝጉ፣ ሞኖብሎኩን እስከ አፉ ሙሉና አሳድሩት። አስተማሪዎቻችን እንዲህ አድርገው ነው ያሳዩን፤ የተውነው እኛ ነን፣ አሁን ደግሞ ልጆቹ ከእኛ አይተው እየተዉት ነው። ባለቤቱ ቢቆጣ ይቆጣ። አንድ ሌሊት ነው።

ዛሬ ማታም አንድ ቤላሩስ ውሃ ሞልተንበት፣ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፈንበታል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ጠዋት ካርቶኑን በእጄ ሳልዳብስ ቀን አልቆርጥለትም።