ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ

በካልኩለስ ትምህርት የተገላቢጦሽ ትሪጎኖሜትሪ ዴሪቬቲቮች ስድስት ፎርሙላ ሆነው ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ተማሪውም ሸምድዶ ይፈተናል፤ ከፈተናው ማግስትም ይረሳቸዋል። የአርት ተማሪ ይህ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ የመማር ነገር ሁላችንንም ያገባናል እላለሁ።

አርክታንጀንትን እንመልከት። ታንጀንቱ ኤክስ የሆነ ማዕዘን ዋይ ይባል። ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ሥለን፣ ከዋይ አጠገብ ያለውን ጎን 1፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ኤክስ ብንለው፣ በፒታጎራስ ሕግ የረጅሙ ጎን ካሬ 1 ሲደመር የኤክስ ካሬ ይሆናል። ይህም የዋይ ሴካንት ካሬ ነው። የታንጀንት ዴሪቬቲቭ የሴካንት ካሬ ስለ ሆነ፣ የተገላቢጦሹ ዴሪቬቲቭ 1 ለዚያው ሲካፈል ነው። ነገሩ ይኸው ነው!

ይህች ውጤት ቀላል አይደለችም። በ1706 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ማቺን ፓይን እስከ 100 አኃዝ ያሰላው ከእርሷ በሚገኘው የአርክታንጀንት ተከታታይ ድምር ነበር።

ጊዜ ያጥራል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሥዕሉ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ የረሳውንም ሰው ፎርሙላው ዘንድ መልሶ ያደርሰዋል። የሸመደደ ግን አንዲት የመቀነስ ምልክት ከጠፋችበት የሚመለስበት መንገድ የለውም።

በአገራችን የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመድገም ብቻ አዋቂ አይባልም፤ የራሱን መቁጠር አለበት። እንግዲህ መምህራኖቻችን በፈተና «ፎርሙላውን ጻፉ» ከማለት ይልቅ «ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁን። እኛም ሳንጠየቅ እንጠይቅ።