የገና በዓልና የልጆች እጅ

በአገራችን የበዓል ወግ ውስጥ ለልጆች የተተወ የሥራ ድርሻ ነበረ። ለእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ከበዓሉ ቀደም ብለው በወረቀት ላይ መልአክ፣ ፀሐይና አበባ ይሥላሉ፤ በማለዳም ሥዕሉን ለጎረቤት ያድላሉ። ለቡሄ ቃጫ ፈትለው ጅራፍ ይገምዳሉ። ለመስቀል የችቦ እንጨት ይለቅማሉ። ለገና ደግሞ ጫፉ የቆለመመ እንጨት ከጫካ መርጠው ዱላ ያበጃሉ፤ ጥንግ ወይም ሩር የሚባለውን ኳስም ከእንጨት ይጠርባሉ ወይም ከጠፍር ይጎነጉናሉ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ከሱቅ የሚገዛ አልነበረም። ጅራፉን የገመደው፣ ዱላውን የጠረበው ራሱ ልጁ ስለ ሆነ፣ በዓሉም በከፊል የእርሱ ሥራ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህ ድርሻ ዛሬ እየጠበበ ሄዷል። የእንቁጣጣሹ ሥዕል በማባዣ መሣሪያ ተባዝቶ ይታደላል፤ ልጁ ያዞረዋል እንጂ አይሥለውም። የገና ዛፍ ከፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ከነጌጡና ከነአምፖሉ በካርቶን ታሽጎ ይገዛል። አባት ከካርቶኑ ያወጣዋል፤ እናት ጌጡን ትሰቅላለች፤ ልጁ ግን «እንዳትነካው፣ ይሰበራል!» ይባላል። የበዓሉ ተመልካች ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ በገና በዓል ቤት የሚያጌጥበትንና ለእንግዳ የሚቀርበውን ነገር ቢያንስ በከፊል ልጆች በእጃቸው ሊሠሩት ይገባል የሚል ነው። ይህን ለማስረዳትም ነገሩ ቀላል ከሆነበት ከገጠሩ ሳይሆን፣ እጅግ አስቸጋሪ ከሚመስልበት ስፍራ መነሣት ይሻላል።

ሀራሙስ በጅቡቲ ከተማ ከባሕሩ አጠገብ የሚገኝ መኖሪያ ሰፈር ነው። ትልልቅ አጥር ያላቸው ቤቶችና ኤምባሲዎች የሚበዙበት ሲሆን፣ የአሜሪካ ኤምባሲም የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። በጅቡቲ ለሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከወደቡ ጋር የተያያዘ ሥራ ያላቸው አሉ፤ በሰው ቤት ምግብ እያበሰሉና ልጅ እየጠበቁ የሚኖሩም አሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ሰፈር ገናን ለማክበር ሲነሣ፣ በአገር ቤት ያለ አሳብ የሚያገኘው ነገር ይጎድልበታል። ለጉዝጓዝ የሚሆነው ቄጤማ፣ ለድፎ ዳቦ የሚሆነው ኮባ እንደ ልብ አይገኝም። ዱላ የሚቆረጥበት ጫካ የለም፤ በዙሪያው ያለው አሸዋ፣ ድንጋይና ባሕር ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ እንኳ ቀትሩ ከአዲስ አበባ ቀትር ይሞቃል። በአንጻሩ ፕላስቲክ ሞልቷል። ከኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ስለ ሆነ፣ በመርካቶ ሱቆች ተንጠልጥሎ የምናየው የገና ጌጥ አስቀድሞ በዚህችው ከተማ አጠገብ ከመርከብ የወረደ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ከዕቃው መጉደል ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። የጅቡቲ መንግሥት የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በመንገድና በገበያ ሶማልኛና አፋርኛ ይነገራሉ። በዚያ የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ አማርኛን በአብዛኛው የሚሰማው ከወላጆቹ አፍ ነው። «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «እጅህን ታጠብ» የሚሉትን ቃላት በዚሁ መንገድ ይማራል። ነገር ግን ገመድ ሳይገምድ መግመድን፣ ጠፍር ሳይጎነጉን መጎንጎንን፣ ሊጥ ሳያድቦለቡል ማድቦልቦልን ከየት ያመጣቸዋል? ቃል ተስማምቶት የሚኖረው ሥራው ባለበት ቤት ነው። ዱላ ተጠርቦ በማያውቅበት ቤት «ጥንግ» የሚለው ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ ይቀራል። ይህ ችግር በባዕድ አገር የሚኖሩ ልጆች ችግር ብቻ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር፣ በአዲስ አበባ በፎቅ ቤት የሚያድጉ ትንንሽ ልጆችን ሩር ምን እንደ ሆነ ይጠይቃቸው።

ይሁንና ሀራሙስ ለዚህ ሥራ የሚያመች አንድ ነገር አለው። በሰፈሩ የሚኖሩ ፈረንሳውያንና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ልደትን የሚያከብሩት በእነርሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን ነው። የኛ ገና፣ ይኸውም ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28፣ በእነርሱ ጃንዋሪ 7 ይውላል። በሁለቱ መካከል 13 ቀናት አሉ። የገበያው ገና ካለቀ በኋላ የኛ ገና ገና አልደረሰም ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት የስጦታ መጠቅለያ የነበረው የሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ ጥብጣቡና ካርቶኑ ሁሉ በየደጁ ይጣላል። ለልጆች እጅ ከዚህ የተሻለ መጋዘን አይገኝም፤ ጊዜውም በቂ ነው።

አንዳንድ ሰዎች የገና ዛፍ ባዕድ ልማድ ስለ ሆነ ከናካቴው ከቤታችን ይውጣ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ መሆን ያለበት ስለ ዛፉ መምጫ ሳይሆን ዛፉን ማን እንደሚያስጌጠው ነው። ስለ ገና ዛፍ ከተጻፉት ጥንታውያን ማስረጃዎች አንዱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1605 ዓ.ም. ዛሬ በፈረንሳይ ውስጥ ስላለችው ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ነው። የዚያች ከተማ ሰዎች ዛፉን በየቤታቸው አቁመው የሰቀሉበት ጌጥ ከልዩ ልዩ ቀለም ወረቀት የተሠራ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣና ስኳር ነበረ። ከፋብሪካ የወጣ አንድም ነገር አልነበረበትም። በጀርመን አገር ኒስኪ በምትባል ከተማም፣ በ1830ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጂኦሜትሪ ትምህርታቸውን ለመለማመድ ብዙ ጫፍ ያለው የወረቀት ኮከብ ሠሩ። ያ ኮከብ ዛሬ በብዙ አገሮች የገና መብራት ሆኖ ይሰቀላል። ስለዚህ ከውጭ የተቀበልነው ልማድ ራሱ በተወለደበት አገር የእጅ ሥራ ነበረ፤ እኛ የተቀበልነው ግን ካርቶኑን ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ ፕላስቲኩን ያልገዛው ጽድ ያስቆርጣል። ጽድ በደጋው አገራችን ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ለብዙ ዘመን የሚቆም ዛፍ ነው። ለጥቂት ቀናት ጌጥ ሲባል ለጋውን ከሥሩ ቆርጦ በሳምንቱ መጣል የሚያስቆጭ ነው። ሀራሙስ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የሚቆረጥ ጽድ የለበትም።

በልጆች የእጅ ሥራ ላይ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች ጥቂት አይደሉም። ወላጅ ጊዜ የለውም ይባላል፤ ይህ እውነት ነው፤ በተለይም ቀኑን በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ማታ ወደ ልጇ ለምትመለስ እናት። ልጅ ቢላዋና መቀስ ይዞ ራሱን ይጎዳል ይባላል፤ ይህም አዋቂ አጠገቡ ይቀመጥ ማለት እንጂ ልጁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ከሁሉ የከፋው ተቃውሞ ግን በአፍ የማይነገረው ነው፤ እርሱም የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ባለ እጅን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ እያሉ መስደብ የቆየ በሽታችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የበሽታውን ጽናት ያሳያል። ያ አዋጅ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ልጁ የሠራውን የወረቀት ኮከብ እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳ አንሥቶ የሚደብቅ፣ የተገዛውን ግን ፊት ለፊት የሚሰቅል ወላጅ ዛሬም አይጠፋም።

እንግዲህ ምን ይሠራ? ለዛፉ ምትክ ከካርቶን ላይ ሁለት እኩል ሦስት ማዕዘኖች ተቆርጠው አንዱ በሌላው ላይ ተገልብጦ ቢጣበቅ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይሆናል፤ በላዩም የተጣለው የሚያብለጨልጭ ወረቀት ይለበጥበታል። የወረቀት ሰንሰለትም ማንኛውም ልጅ ያውቀዋል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

የገና ጨዋታ ግን በሀራሙስም ቢሆን ሊቀር አይገባውም። የቆለመመ እንጨት ባይገኝ፣ ዕቃ የታሸገበት የሣንዱቅ ጣውላ በወደብ ከተማ አይታጣም፤ አዋቂ በመጋዝ ጫፉን አቆልምሞ ይቆርጥለታል፤ ልጁ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያለሰልሰዋል። ጥንጉን ከጠፍር መጎንጎን ባይቻል፣ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ በገመድ መጠፈር ነው። ይህ ኳስ ከእንጨቱ ጥንግ ይልቅ ለሰው ቅልጥምም ይራራል። በሁለት ቡድን ተከፍሎ ኳሱን ወደ ባለጋራ ዳር እየመቱ መንዳት ነው፤ ሜዳው አሸዋ ቢሆንም ይቻላል። በጥንቱ ወግ በዚህ ጨዋታ ሎሌ ጌታውን ቢተርበው ወይም ቢያሸንፈው ጌታው አይቆጣም ነበር። በሀራሙስ ግቢዎች ውስጥ የአሠሪና የሠራተኛ ልጆች አንድ ላይ ቢጫወቱ ወጉ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ለሚበላው ነገር ደግሞ ለልጆች እጅ እንደ ዳቦ ቆሎ የሚስማማ የለም። የስንዴ ዱቄት፣ ጥቂት ስኳር፣ ጨውና ዘይት በውሃ ጠጠር ተደርጎ ይታሻል። ቅቤ የማይገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ የነቢያት ጾም ስለ ሆነ፣ የሚሠራውን ሳይቀምስ የሚውል ልጅም ስለማይገኝ ነው። ሊጡ ጥቂት ካረፈ በኋላ ልጆቹ በመዳፋቸው እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ያስረዝሙታል፤ ከዚያም በሽንብራ መጠን ይቆራርጡታል። አንዱ የሚቆርጠው ትልቅ፣ ሌላው የሚቆርጠው ትንሽ ይሆናል፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ትንሹ አስቀድሞ ስለሚያር በዚህ ብቻ በእኩል መጠን መቁረጥን ይማራሉ። እሳቱ ለስለስ ብሎ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ወርቃማ እስኪሆን መቁላት ነው። ይህን የማማሰል ሥራ አዋቂ ይያዘው። ዳቦ ቆሎ ሳይበላሽ ብዙ ስለሚቆይ ከ13ቱ ቀናት በመጀመሪያው ሳምንት ቢሠራም ለበዓሉ ይደርሳል፤ ማሰሮው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ማለቴ ነው።

ጅቡቲ ለዚህ ሥራ ከራሷ የምትጨምረው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ጨው ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ውሃው ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ጨው አለበት። በዳርቻው ጨው እንደ ሉል ድቡልቡል ሆኖ ይገኛል፤ የአካባቢው ሰዎችም ለጎብኚ ይሸጡታል። ሐይቁ የሚሠራውን ልጅ በብርጭቆ ሊሠራው ይችላል። በሽቦ ትንሽ ኮከብ ተበጅቶ የጥጥ ክር ይጠመጠምበታል። በሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው፣ ከዚያ በላይ አልሟሟም እስኪል ድረስ እየጨመሩ ያማስላሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ኮከቡ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ በክር ተንጠልጥሎ በውስጡ ይቀመጣል። ውሃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ሲሄድ መሟሟት ያልቻለው ጨው በክሩ ላይ ይያዛል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጎናቸው የተስተካከለ፣ እንደ ትንንሽ ሣንዱቅ ያሉ የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች ይታያሉ። ልጁ ብርጭቆውን ካላነቃነቀው ፍሬዎቹ ይተልቃሉ፤ በየሰዓቱ እያነሣ ካየው ግን ይደቃሉ።

ኮከቡ ከወጣ በኋላ ከመስኮት ራቅ አድርጎ መስቀል ያስፈልጋል። የባሕር ዳር አየር እርጥበት ስላለው ጨው ውሃ ይስባል፤ ሌሊቱን አልቅሶ ሊያድር ይችላልና ከሥሩ ሳሕን ይቀመጥለት። ጠዋት በሳሕኑ ውስጥ የተገኘው ጠብታም ወደ ብርጭቆው ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ኮከብ ይሆናል።