ከሚነደው ቤት የወጣችው ሴት

ፓሪስ ውስጥ አንዲት አዛውንት እየጦርኩ እተዳደራለሁ። ማዳም እላቸዋለሁ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ትውልዳቸው ካን ነው። የፊልም ፌስቲቫሉን ካን ማለቴ አይደለም፤ እሱ በደቡብ ነው። የእሳቸው ካን በሰሜን፣ ኖርማንዲ ውስጥ ያለው ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ የሦስት ቀን ዕረፍት ሳገኝ አገራቸውን ልጎበኝ መሆኑን ስነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ባሕሩን ልታዪ ነው ብለው ጠየቁኝና ወደ ሹራባቸው ተመለሱ።

ባሕሩን ላይ ነበር። ከሳን ላዛር ጣቢያ አብሮኝ የተሳፈረው አገር ጎብኚ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944፣ በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1936፣ አብዛኞቹ አሜሪካውያን፣ እንግሊዞችና ካናዳውያን የሆኑ ወደ 156,000 ወታደሮች በመርከብና በፓራሹት የገቡበት ዳርቻ ነው። እኛ ያን ጊዜ ከጣሊያን ነጻ ከወጣን ሦስት ዓመት አልፎን ነበር። ይህን ለፈረንሳዮች መንገር እወዳለሁ፤ አንዱም አስቀድሞ የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

ኦማሃ ከተባለው ዳርቻ በላይ ያለውን የአሜሪካኖች መካነ መቃብር ሳይ አለቀስኩ። ከ9,380 በላይ መቃብር፣ ነጭ እብነ በረድ፣ እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ተሰልፎ። ብዙም ሳይርቅ ላ ካምብ ላይ ከ21,000 በላይ ጀርመኖች በጠቋቆሩ ድንጋዮች ሥር ተኝተዋል፤ እዚያ የሚቆም አውቶቡስ ጥቂት ነው። ያልወደድኩት ሌላውን ነው። የጁን 6 በዓል ሰሞን ስለነበር የዛሬ ሰማንያ ዓመት የወታደር ልብስ የለበሱ ጎረምሶች በአሮጌ ጂፕ እየተንሸራሸሩ ጡሩምባ ያሰማሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አላዋቂ ቢያያቸው ሙሽራ አጅበው የሚሄዱ ይመስሉታል።

በማግስቱ ባዩ ገባሁ። ባዩ የታደለች ከተማ ናት፤ ጁን 7 ቀን ሳትፈርስ ነጻ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1077 የተመረቀው ካቴድራሏ እንደቆመ ነው። ዝነኛዋ ያደረጋት ግን አንድ ጨርቅ ነው። በፈረንሳይኛ ታፒስሪ፣ ማለትም በሽመና የተሠራ ሥዕል ይሉታል፤ ስሕተት ነው። ጥልፍ ነው። እናቴ ቀሚስ ስትጠልፍ እያየሁ ያደግኩ ነኝና በዚህ አልደራደርም። በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ወደ 70 ሜትር። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 ባሕሩን ተሻግሮ የእንግሊዙን ንጉሥ ሃሮልድን ድል ሲያደርግ ይተርካል። ትዕይንቱ በተርታ፣ ጽሑፉ ከላይ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሥዕል ለሚያውቅ ሰው አነባበቡ አይቸግረውም።

የአሸናፊ ሥራ ነው፤ ፈረሱ፣ ግብሩ፣ ሰይፉ። ሆኖም ውጊያው ሊጀመር ሲል ሁለት ሰዎች ቤት ላይ እሳት ይለኩሳሉ። ከቤቱ ሥር አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ትወጣለች። ስሟ አልተጻፈም። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች እስኪያልፉኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

የእንግሊዞቹ መካነ መቃብር ከከተማው ጫፍ ነው፤ ከ4,000 በላይ የራሳቸው ሙታን አሉበት፣ ጀርመኖችም በመካከላቸው ተቀብረዋል። ትይዩ ባለው ሐውልት አናት ላይ በላቲን የተቀረጸውን አንድ ጎብኚ ተረጎመልኝ፦ ዊልያም ድል ያደረገን እኛ፣ የድል አድራጊውን አገር ነጻ አወጣን ማለት ነው። ዘጠኝ መቶ ዓመት ቂም ይዞ እንዲህ አምሮ የመለሰ አላየሁም።

ካን የደረስኩት በመጨረሻው ቀን፣ ባቡሬን ስጠብቅ ነው። ዊልያም የተቀበረው እዚያ፣ ራሱ ባሠራው ገዳም ነው። እሱና ሚስቱ ማቲልዳ ዝምድና ስላላቸው የሮማው ጳጳስ ጋብቻቸውን ከልክሎ ነበር፣ የታረቁትም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገዳም ሠርተው ነው ይባላል። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ አጠገባቸው ቢኖር ካን ሁለቱንም ገዳማት ባላገኘች። ከገዳሙ ውጭ ግን ከተማው አዲስ ነው፤ ሰፊ መንገድ፣ ቀጥ ያለ ፎቅ። አሮጌው የት ሄደ?

ፓሪስ ተመልሼ ይህንኑ ማዳምን ጠየቅኳቸው። ሹራቡን አስቀመጡት። የአሜሪካና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ካንን ከጁን 6 ጀምሮ ሲደበድቡ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ታላቅ እህታቸው ከቤት ሳትወጣ ቀረች። እሳቸውና እናታቸው፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር፣ እኔ የዊልያምን መቃብር ባየሁበት ቤተ ክርስቲያን ጭድ ላይ እየተኙ ሰነበቱ። ነጻ ያወጧቸውም እህታቸውን የገደሉባቸውም እነዚያው ናቸው፤ ማዳም ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የተናገሩት።

በዚያ በጋ ኖርማንዲ ውስጥ ወደ 20,000 ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ በነጻ አውጪዎቹ ቦምብ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በጁን 6 በዓል ካን ተገኝቶ ሲያስባቸው 70 ዓመት አልፎ ነበር፤ ፍራንሷ ኦላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014። ወታደሮቹ አይመስገኑ አላልኩም፤ እኔም አበባ አኑሬያለሁ። ጥልፍ ጠላፊዎቹ በአሸናፊው ታሪክ ውስጥ ለዚያች ሴት ቦታ ካገኙላት ግን፣ የዛሬ አስጎብኚ በሦስት ቀን መርሐ ግብሩ ውስጥ ግማሽ ቀን ቢያጣላት አላምነውም።

በአውሮፓ ያላችሁ፣ ዘመድ ሲመጣ ኖርማንዲ የምትወስዱ ብዙ ናችሁ። ጥልፉን ለጊዜው አታገኙትም፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል። ዊልያም የተወለደባት ፋሌዝ ውስጥ ግን ከቤተ መንግሥቱ ሌላ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ፣ በጦርነቱ ያለፉ ሲቪሎችን ብቻ የሚመለከት ሙዚየም አለ። ማዳም ነገሩኝ፣ ሄድኩ። ከካን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ደቡብ፣ ለባሕሩ ጀርባ ሰጥቶ።