ወንበር የደረደረችው ትቀመጥበት



ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ አሽዶድ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሰው የጠሩት እናቶች ናቸው። ዳቦውን የጋገሩት፣ ቡናውን ያፈሉት፣ ወንበሩን የደረደሩትም እነርሱው ናቸው። ስብሰባው ሲከፈት ግን ከፊት ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ወንዶች ተቀመጡ፤ እናቶቹም ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሙ። ከእንግዶቹ አንዷ «እናቶቹስ ምን ይላሉ?» ብላ በዕብራይስጥ ብትጠይቅ፣ ከአምስቱ አንዱ «እነርሱም በዚሁ ይስማማሉ» ሲል መለሰላት። እናቶቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ጥያቄውን እንኳ የተረጎመላቸው የለም።

እኔም እዚያው ነበርሁ። በሙያዬ መምህራንን የማሠለጥን ስሆን፣ ሰው ፊት መናገር ሥራዬ ነው። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚያ ዝምታዬ ነው።

በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን መካከል ስሆን፣ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ በጎንደር በኩል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንደሚታወቀው በቤተ እስራኤል ዘንድ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡና ሲሸምኑ፣ ሸክላው የሴቶች ሙያ ነበር። አፈሩን የምትመርጠው እርሷ ናት፤ የምታቦካውም፣ የምትተኩሰውም እርሷ ናት። ገበያ ወርዳ ዋጋ የምትቆርጠውም እርሷ ናት። ለማን በዱቤ እንደሚሰጥ፣ ከማን ገንዘብ ተቀብሎ እንደሚለቀቅ ታውቅ ነበር። ጽሕፈት ሳታውቅ የስንቱን ሰው ዕዳ በቃሏ ትይዝ እንደነበር ዛሬም ይገርመኛል።

ያች ሴት እዚህ አገር በገባች በሳምንቱ ዲዳ ሆነች። ትምህርት ቤት ስትጠራ የማስተረጉማት እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን መምህሯ ስለ እኔ ደካማነት ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ እኔም «ጎበዝ ናት ትላለች» ብዬ ተረጎምሁ። እናቴ የመምህሯን ፊት አየች፣ የእኔን ፊት አየች፣ ምንም አላለችም። ቤት ስንደርስ ግን «ገበያ ላይ ሰው ሲዋሽ አውቃለሁ» አለችኝ። በዚያው ዓመት ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደምላክ ሲወሰን እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ የፈረመችው ወረቀት ግን ምን እንደሚል አልገባትም። ለእኔም አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ «ሴቶቻችን ለመሪነት አልደረሱም» የሚሉ ወንድሞች ይህን እንዲያስቡ እለምናለሁ። አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይሉ ነበር። በበኩሌ ይህ ተረት በገዛ መንደራችን እንኳ እውነት ነበር ብዬ አላምንም፤ የገንቦው ዋጋ በወንድ አላለቀምና። እናቶቻችን መምራትን እዚህ መጥተው የሚማሩ ሳይሆኑ፣ እዚህ መጥተው የተነጠቁ ናቸው።

ከቤተ እስራኤል የመጀመሪያው የክኔሴት አባል አዲሱ መሰለ በ1996 ተመረጡ። ከዚያ በኋላ አንዲት የእኛ ሴት ክኔሴት ለመግባት 17 ዓመት ፈጅቷል። ፕኒና ታማኖ-ሻታ በሙሴ ዘመቻ የ3 ዓመት ሕፃን ሆና መጥታ በ2013 ተመረጠች፤ በ2020 ደግሞ በኢትዮጵያ ከተወለዱት መካከል የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነች። ያውም የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር፣ እኛን ሁላችንን የተቀበለው መሥሪያ ቤት። በእርሷ ዘመን በታኅሣሥ 2020 በተጀመረው የጹር እስራኤል ዘመቻ ወደ 2,000 ወገኖች ገቡ። በላይነሽ ዘቫዲያ በ2012 በአዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሆና ተሾመች። በ2016 ከማኅበረሰባችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዳኞች ሲሾሙ ሁለቱም ሴቶች ነበሩ። በ2023 ለብዙ ዓመታት በሬዲዮ ያገለገለችው ጸጋ መላኩ ክኔሴት ገባች። የየትኛው ፓርቲ ናቸው የሚለው ለዛሬ ጉዳዬ አይደለም፤ አንባቢ ለፈለገው ይምረጥ።

ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ አንድ ነገር ላስታውስ። በጥር 1996 የለገስነው ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ሲታወቅ፣ የሚሰማን አጥተን በብዙ ሺህ ሆነን ኢየሩሳሌም ድረስ መውጣት፣ ከፖሊስ ጋር መጋጨት ግድ ሆነብን። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ፕኒና እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልትለግስ ብላ እንደማይቀበሏት ተነገራት። በዚያው ዕለት የክኔሴቱ አፈ ጉባኤ የደም መለገሻው ጣቢያ ከግቢው እንዲወጣ አዘዙ፤ አገሩም ሁሉ ሰማ። በደሉ ያው ነበር፤ የተለየው የደረሰባት ሰው የት እንደተቀመጠች ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በክኔሴት አያልቅም፤ እንዲያውም ከኪሳችን ይጀምራል። በከተማችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ በርበሬ የሚያዘጋጁ፣ የልጆች ማቆያ ያላቸው እናቶች ስንት ናቸው? የማውቃቸው እንኳ ብዙ ናቸው። ዕቁቡን የሚሰበስቡት፣ ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ዕቁብ ደግሞ ያለ ባንክ የተሠራ ባንክ ነው። ከእነዚህ እናቶች መካከል ግን ንግዱ በስሟ የሆነ ጥቂት ናት። በባሏ ስም ነው፣ ወይም በልጇ ስም፣ ወይም በማንም ስም አይደለም።

አንዲት ጎረቤቴ ለብዙ ዓመታት እንጀራ ስትጋግር ኖራ በምጣድ እጇን ክፉኛ ተቃጠለች። ለወራት መሥራት አልቻለችም። ብትመዘገብ ኖሮ ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ሰው ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ በጠየቀች ነበር። ነገር ግን ሕጉ አደጋው ከመድረሱ በፊት የተመዘገበን ሰው ነው የሚያውቀው። እህቶቼ፣ ገቢያችሁ አነስተኛ ቢሆንም «ዖሴቅ ፓቱር» ሆኖ መመዝገብ ይቻላል። ለማዓም፣ ለገቢ ግብርና ለቢቱዋሕ ለኡሚ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ምግብ የምትሸጥ ደግሞ ስለ ንግድ ፈቃዱ አስቀድማ ዒሪያውን ትጠይቅ። የተመዘገበች ሴት ስትወልድ የወሊድ ክፍያ ይኖራታል፤ ብድር ስትጠይቅ የምታሳየው ወረቀት ይኖራታል። ልጆቻችን ኮምፒውተር ያውቃሉ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይርዷችሁ። ነገር ግን ስሙ የእናንተ ይሁን።

ስለ ትዳር የሚነሣውን ቅሬታ አውቃለሁ። «ሴቷ ስትወጣ ቤቱ ይፈርሳል» ይባላል። ይህን ቀልድ አድርጌ አላልፈውም፤ በማኅበረሰባችን በባሎቻቸው እጅ የሞቱ እህቶች አሉንና። ወንዶቻችንም ብዙ አጥተዋል። የሚያርሰው መሬቱን፣ የሚቀጠቅጠው ብረቱን፣ የሚያከብረው መንደሩን ትቶ መጥቶ ፋብሪካ ሲጠርግ የኖረ ሰው ሚስቱ ስትቀድመው ቢያመው አይገርመኝም። ታዲያ መድኃኒቱ እርሷን ወደ ኋላ መጎተት ነው? ባልና ሚስት ሲጋጩ ለዕርቅ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሚስት የሚያሳፍራትን፣ የሚያስፈራትን ነገር በአምስት ወንዶች ፊት እንዴት ትናገር? ሳትናገር ትመለሳለች፤ «ታረቁ» ይባላል። በሽምግልናው ላይ ሁለት የተከበሩ ባልቴቶች ቢቀመጡ፣ ለቄሶቻችንም ለሽማግሌዎቻችንም ውርደት አይሆንም። ነፍስም ሊያድን ይችላል።

አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ስንዱ ገብሩ በ1957 ለፓርላማ ተመርጠዋል፤ በ2018 ደግሞ የሚኒስትሮቹ እኩሌታ ሴቶች ሆኑ። ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ጎልዳ ሜኢር ከ1969 እስከ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረች፤ ከእርሷ በኋላ ሌላ ሴት አልታየችም። ስለዚህ ነባሮቹ እስራኤላውያንም ብዙ የሚመኩበት የላቸውም፤ ከእነርሱ ሁሉን ነገር ካልተማርን የሚለው ሐሳብ እኔን አያሳምነኝም።

በእጃችን ያለውን እንመልከት። የትምህርት ቤቱ ቫዓድ ሆሪም በየዓመቱ በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ይመረጣል። እናቶቻችን «ዕብራይስጤ አይበቃም» እያሉ ይቀራሉ። አስተርጓሚ ይምጣ ብሎ መጠየቅ መብት ነው፤ የ11 ዓመት ልጅ ግን አስተርጓሚ አይደለችም። የከተማ ምርጫ በየ5 ዓመቱ ነው፤ ያለፈው በጦርነቱ ምክንያት ተራዝሞ በየካቲት 2024 ተደረገ፤ የሚቀጥለው በ2028 ይጠበቃል። በዚህ ምርጫ ከ17 ዓመት ጀምሮ ድምፅ ይሰጣል። ዕጩዎች በየቤታችን ሲመጡ፣ ቡና አጣጥተን ከመሸኘት በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ ከእኛ ሴቶች ማንን በዝርዝራችሁ አስገብታችኋል፣ ስንተኛ ቦታ ላይ? ቦታውን መጠየቅ አትርሱ። ለፎቶግራፍ ብቻ ተብሎ ሃያኛ ላይ የተጻፈች ሴት የትም አትገባም።

ለሰፈራችን ኮሚቴ ምርጫ ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግሬ አራት እናቶችን ጠይቄአለሁ። ሁለቱ እሺ ብለዋል። አንዷ «ባሌን ልጠይቅ» አለች፤ ባሏን አገኘሁት፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለች፣ ቤቱን የምትመራው እርሷ አይደለችም ወይ?» አለኝ። አራተኛዋ እናቴ ናት። «በአማርኛ እናገራለሁ፤ የሚተረጉም ይፈልጉ፤ አንቺ ግን አትተርጉሚ» ብላለች። ሌላ ስም ያላችሁ ከስብሰባው በፊት አሳውቁን። ወንበሩን በዚህ ጊዜ ወንዶቹ እንደሚደረድሩ ተስማምተናል።