ስለ ጊታሩና ስለ እንስራው

«ጃዝም አይደለም፣ የሕንድም አይደለም፤ ጉራማይሌ ነው!»

ይህ ፍርድ የተሰጠው ባለፈው ቅዳሜ ማታ ነው። ስምንት ሆነን አንዲት ጠባብ ዶርም ውስጥ ተጨናንቀን የሻክቲን ሙዚቃ ስናዳምጥ። ፈራጁ ጓደኛችን ነው፤ ስሙን አንጠራም፣ ራሱን ያውቃል። የፍርዱ ድምፅ ገና ሳይበርድ ሌላዋ ከአልጋው ጫፍ ሆና «ኧረ ተዉት፤ ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ ነው፤ ሁሉም አንድ ነው» ብላ ነገሩን በፍቅር ልትዘጋው ሞከረች። እኛ በሁለቱም ተናደድን። እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ይበልጥ ተናደድን።

ነገሩ የዶርም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቴንስል ባላበላሸንበት። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአንድ የተማሪዎች ምሽት ላይ፣ መሰንቆውን ከጊታር ጋር ለማስማማት ወራት የለፋ ልጅ «ባህላችንን አታበላሽ» ተብሎ ሲጮህበት አይተናል። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መድረክ፣ አንድ የታወቀ ያገር ቤት ዘፈን ላይ የማሽን ከበሮ ደርቦ ለወጣው ደግሞ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋለት። የለፋው በፉጨት ወረደ፣ ያልለፋው ተጨበጨበለት። ቅዳሜ ማታ ዶርማችን ድረስ የመጡት ሁለቱ አስተሳሰቦች እነዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልንም።

እንግዲህ «ንጹሕ ይሁን» ባዩን እንጠይቀው። የትኛው ነው ንጹሑ? ሻክቲ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ ባንድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልን)። ጊታሩን እንግሊዛዊው ጆን ማክላፍሊን፣ ቫዮሊኑን ኤል. ሻንካር፣ ታብላውን ዛኪር ሁሴን፣ ጋታሙን ቲ. ኤች. ቪናያክራም ይዘዋል። ጋታም ማለት እንስራ ነው፤ ሌላ ስም አንፈልግለት። አፈ ጠባብ የሸክላ እንስራ፣ ሆድ ላይ ታቅፎ በጣት፣ በመዳፍ፣ በጥፍር የሚመታ። ጓደኛችን «የሕንዱን ንጹሕ ዜማ አበላሹት» ሲል በጣቱ ያመለከተው የሻንካርን ቫዮሊን ነበር። ቫዮሊኑ ግን የመጣው ከአውሮፓ ነው! የደቡብ ሕንድ ሙዚቀኞች የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ከአውሮፓውያን ተቀበሉት፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ራሱን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስደግፈው፣ የራሳቸው እስኪሆን ድረስ አሹት። ዛሬ የደቡቡ፣ ማለትም የካርናቲክ ዘፋኝ ያለ ቫዮሊን አጃቢ መድረክ ላይ ሲወጣ ማየት ብርቅ ነው።

ደግሞስ «የሕንድ ሙዚቃ» የሚባለው አንድ ነገር ነውን? ዛኪር ሁሴን የሰሜኑ የሂንዱስታኒ ልጅ ነው፣ ሻንካርና ቪናያክራም የደቡቡ። ሁለቱ ወገኖች የምት አቆጣጠራቸው ሌላ፣ ከበሯቸው ሌላ፣ የትምህርት ቤታቸው ወግ ሌላ ነው። ሕንዶቹ ራሳቸው ለሌሎቹ ሕንዶች እንግዳ ነበሩ። ስለዚህ በሻክቲ ውስጥ የተገናኙት ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ስለ ሦስተኛው ግን ማንም አያወራም። ጃዝንማ ተዉት። በኒው ኦርሊንስ የአፍሪካ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ከሥራ እንጉርጉሮና ከወታደር ማርሽ የነሐስ መሣሪያዎች ያወጡትን ሙዚቃ «ንጹሕ» ብሎ አጥር ማጠር ቀልድ ነው። የጃዝ ምልክት ነው የምንለውን ሳክስፎን ራሱን የሠራው የቤልጅየም ሰው ነው፤ ከካርናታካ የወጣው ካድሪ ጎፓልናት ደግሞ ያንኑ ሳክስፎን የደቡብ ሕንድ ራጋ አስተምሮት፣ በ2008 ከአሜሪካዊው ሩድሬሽ ማሃንታፓ ጋር «ኪንስመን» በተባለው አልበም ተጫውቶበታል። አጥሩ የት ላይ ነው የሚተከለው?

ወደ ሁለተኛዋ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ቁጣችን ይብሳል።

ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ማክላፍሊን መማር ባላስፈለገው ነበር። ሰውዬው ከማይልስ ዴቪስ ጋር ቀርጿል፤ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን መርቶ በኤሌክትሪክ ጊታሩ አዳራሽ ሲያናውጥ ኖሯል። ያም ሆኖ ኮነቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር ኤስ. ራማናታን እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቪና የተባለውን የደቡብ ሕንድ ባለ አውታር መሣሪያ ተማረ። ስሙ የገነነ ሰው እንደ ጀማሪ! ለምን? ራጋ «ስኬል» ስላልሆነ ነው። ራጋ ሲወጣ የሚረግጠውን ድምፅ ሲወርድ ላይረግጠው ይችላል፤ አንዱን ድምፅ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሌላውን ከታች ስቦ ያመጣዋል፤ አንዳንዱን ነክቶት ብቻ ያልፋል። እኛ ቅኝት እያለን ያደግን ሰዎች ይህ ሊጠፋን አይገባም ነበር። የአንቺ ሆዬን ድምፆች በፒያኖ አንድ በአንድ መንካት ይቻላል፤ የተነካው ግን አንቺ ሆዬ ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

ጠቡ በዚህ አያበቃም። ጃዝ በኮርድ ይሄዳል፤ ኮርዱ በተለወጠ ቁጥር ከዜማው ሥር ያለው መሬት ይንቀሳቀሳል፣ ተጫዋቹም የሚዘለው በዚያ ላይ ነው። ራጋ ደግሞ ከሥሩ የታንፑራ ድምፅ ሳያቋርጥ፣ ሳይነቃነቅ ይቆምለታል፤ መሬቱ ከተንቀሳቀሰ ቤቱ ይፈርሳል። ታዲያ እንዴት ይታረቁ? መንገዱን የከፈቱት ራሳቸው የጃዝ ሰዎች ናቸው። በ1959 ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በተባለው አልበም ኮርድ ማብዛቱን ትቶ በአንድ የድምፅ ቤተሰብ ላይ ረጅም መቆየትን አሳየ። በ1961 ጆን ኮልትሬን «ኢንዲያ» ያለውን ሥራ ኒው ዮርክ በሚገኘው ቪሌጅ ቫንጋርድ ሲጫወት ሁለት ቤዝ አቆመ፤ የታንፑራውን ሥራ ለቤዞቹ ሰጠ ማለት ነው። ሲታር አልተዋሰም፤ የተዋሰው የቤቱን አሠራር ነው። በ1965 የተወለደ ልጁንም በራቪ ሻንካር ስም ራቪ ብሎ ጠራው።

ከዚያ ወዲህ ሲታር እንደ በርበሬ የሚነሰነስበት ዘመን መጣ፤ የ1960ዎቹ መጨረሻ። የጨርሱን ሙዚቃ ሳይነኩ ከላይ ጭው የሚል ድምፅ ጣል ማድረግ። የዓለም ቋንቋ ማለት ይህ ከሆነ ቋንቋው ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለው።

በለንደን በ1966 ጆ ሃሪዮትና ጆን ሜየር የሠሩት «ኢንዶ ጃዝ ስዊት» ግን ከዚህ ይለያል። ሃሪዮት የጃማይካ ሰው፣ ሜየር የካልካታ፤ አምስት ከዚህ፣ አምስት ከዚያ፣ በጠቅላላው አሥር ሰው። እኛ ስናዳምጠው ስፌቱ ይታየናል፤ ራጋው ይሄዳል፣ ከዚያ ጃዙ ተራውን ጠብቆ ይሳፈራል፣ ይወርዳል። ቢሆንም ከነስፌቱ እንወደዋለን፤ ሜየር ሁለቱንም ቤት ያውቅ ስለነበር የቱ ላይ እንደሚሰፋ አውቆ ነው የሰፋው። ሃሪዮት በ1973 በ44 ዓመቱ ደህይቶ ሞተ። (ዱክ ኤሊንግተንም በ1963 ሕንድን ጎብኝቶ ነበር፤ ከዚያ ጉዞ የመነጨውን «ፋር ኢስት ስዊት» ግን በ1966 መጨረሻ ነው የቀረጸው። በ1973 አዲስ አበባ የመጣው ያው ኤሊንግተን ነው።)

ሻክቲ ጋ ስንደርስ ስፌቱ ይጠፋል። አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ ተነቀለ፤ ጊታሩ ከእንስራው በላይ እንዳይጮህ። ሁለተኛ፣ ጊታሩ ራሱ ተለወጠ። ጣት የሚያርፍበት እንጨት በየመሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ተደርጎ ተፋቀ፤ አውታሩ ወደ ታች ሲጫኑት ድምፁ እንዲታጠፍ፣ ቪናው እንደሚያደርገው። ከዋናዎቹ አውታሮች ሥር ደግሞ ሰባት ተጨማሪ አውታሮች ሰያፍ ተዘረጉ። ሙዚቀኛው ለእንግዳው ሙዚቃ ሲል መሣሪያውን ቆርጦ ሠራ፤ እንስራው ግን አልተቆረጠም፣ ያው እንስራ ነው። በ1975 ሎንግ አይላንድ በሚገኝ ኮሌጅ መድረክ ላይ የተቀረጸውን የመጀመሪያ አልበማቸውን የሰማ ሰው የሚደነቀው በጊታሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ አምስት ሰው አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ደግሞ፣ የመጨረሻዋን ምት ልክ በአንድ ላይ ሲጥል ነው። ዛኪር ሁሴን ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ በተወለደ ሰሞን አባቱ አላ ራካ በጆሮው ጸሎት ሳይሆን የታብላ ምት ነበር የሚደግምለት። እንዲህ ካለ ሰው ጋር «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ መጫወት አይቻልም፤ መቁጠር ነው ያለው።

የምናዝንበትም አለ፤ አንደብቅም። ያ የመጀመሪያ አልበም «ሻክቲ ከጆን ማክላፍሊን ጋር» ተብሎ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ በስሙ የተጠራው እንግሊዛዊው ብቻ ነው፤ ዘመኑ የሸጠው ያንን ነው። የ1972ቱ የማይልስ «ኦን ዘ ኮርነር» መጀመሪያ ሲታተም የተጫዋቾቹ ስም ጭራሹኑ አልሰፈረበትም፤ በኒው ዮርክ የሕንድ ምግብ ቤት ውስጥ ታብላ ሲመታ የነበረው ባዳል ሮይም ከነዚያ ስም አልባዎች አንዱ ነበር። ጓደኛችን «ዘረፋ ነው» ቢለን ኖሮ በዚህ በኩል እናዳምጠው ነበር፤ እሱ ግን ያለው «ጉራማይሌ» ነው። ስም አለመጻፍ በደል ነው፣ አብሮ መጫወት በደል አይደለም፤ ሁለቱን እያምታታ ልጁን ከነመሰንቆው ከመድረክ ያወረደው ይህ አነጋገር ነው።

በ1978 ተበትነው በ1997 «ሪሜምበር ሻክቲ» ብለው እንደገና ተሰባሰቡ፤ በቪናያክራም ቦታም በኋላ ልጁ ሴልቫጋኔሽ ገባ። በ2024 መጀመሪያ «ዚስ ሞመንት» የተባለው አልበማቸው ግራሚ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዛኪር ሁሴን በ73 ዓመቱ አረፈ። ጉራማይሌ የተባለው ነገር ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆየ ማለት ነው።

ለፈራጁ ጓደኛችን ግብዣ አለን። የሰሜኑ ቲን ታል 16 ምት ነው፤ በ1 ይጀምራል፣ 16ቱን ዞሮ በ1 ያርፋል። የፊታችን ቅዳሜ ማታ እዚያው ዶርም እንገናኝ፤ ሻዩ ከእኛ። ታብላው ሲጀምር በጭኑ ላይ እያጨበጨበ ይቁጠርልን። ከዛኪር ጋር እኩል በ1 ላይ ካረፈ፣ በሚቀጥለው እትም ፍርዱን ሙሉ ገጽ ሰጥተን እናትምለታለን። ልጁም መሰንቆውን ይዞ ይመጣል።