ስለ ጊታርና ስለ ሰዓት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ዕድሜያችን የገፋ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ልጅ «ባንድ ልሰማ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ያለ እንደ ሆነ ፊታችንን እናጠቁርበታለን። አንዱ «የፈረንጅ ጩኸት ነው» ይላል፤ ሌላው «ኀጢአት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር በሩን ቆልፎ ይተኛል። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በጠመኔ አቧራ ውስጥ የኖርሁ መምህር ነኝና ከእኩዮቼ ጋር ልከራከር አስቤአለሁ። ከእነርሱ ጋር ከጨረስሁ በኋላ ግን ከራሳቸው ከባንዶቹና ገንዘቡን ከሚሰበስቡላቸው ሰዎች ጋር ከዚህ የበረታ ጠብ አለኝ።

የፈረንጅ ነው የሚለውን አስቀድሜ ላንሣ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉትም እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ በወሊሶ ያደገው ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ባንድ ፊት ቆሞ ሲዘፍን፣ ሳክስፎኑ የየት አገር ነው ብሎ ጆሮውን የደፈነ ሰው ነበረን? በድሬዳዋም የአፍረን ቀሎ ልጆች፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም ከመካከላቸው፣ የኦሮምኛን ዜማ በዑድና በጊታር ሲያሰሙ የሰማቸው ሕዝብ የእኔ ነው አለ እንጂ የፈረንጅ ነው አላለም።

ወደ ዛሬዎቹ እንምጣ። ጃኖ ባንድ የሮክ ሙዚቃ የሚጫወት የአገራችን ባንድ ነው። ጃኖ ማለት ቀይ ጥለት ያለው የአባቶቻችን የክብር ልብስ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን በአፋር ምድር በሚነደው ተራራ ስም «ኤርታሌ» አለው፤ ያዘጋጀለትም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ይህ ጋብቻ ለምን እንደ ሠመረ የቅኝት ነገር የገባው ሰው ይረዳዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው። የሮክ ጊታረኛም ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የወረሰው መሰላል ዋናው በአምስት ድምፅ የቆመ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ሩቅ ዘመድ ይተዋወቃሉ እንጂ እንደ ባዕድ አይተያዩም።

ኀጢአት ነው የሚለኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ እኔው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነው። ጣቱን የሚያሳርፈውም በገላትያ መልእክት በምዕራፍ አምስት ላይ ነው፤ በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም «ዘፋኝነት» የሚል ቃል ተጽፎአልና። ነገር ግን በዚያ ቦታ ያለው የግሪኩ ቃል ኮሞስ ነው። ትርጉሙም ሰክሮ በሌሊት መጮህ፣ መረን የለቀቀ ፈንጠዝያ ማለት ነው። ክራር የሚመታን ወይም ጊታር የሚደረድርን ሰው በስሙ የሚከስ ቃል አይደለም። ለቃሉ እውነተኛ ትርጉም የምንቀና ከሆነ በየሰፈራችን ድምፅ ማጉያውን አስፋልት ዳር አውጥቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚያስጮኸውን መጠጥ ቤት በገሠጽን ነበር። እርሱን ግን አንናገረውም፤ ቤቱን ያከራየነው እኛው ነንና።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልግባ።

ባለፈው ዓመት የእኅቴን ልጅ ይዤ በአዲስ አበባ አንድ ባንድ ልሰማ ሄድሁ። ስሙን አልጠራም፤ እጅግ ዝነኛ አይደለም፣ ያልታወቀም አይደለም፤ ወጣቶች ዘፈኑን በቃላቸው የሚያውቁለት ባንድ ነው። ቲኬቱ «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ይላል። በ12 ሰዓት በሩ ተዘግቶ ነበር። በ1 ሰዓት ሽቦ ይጎትቱ ነበር። በ2 ሰዓት አንድ ጎረምሳ «ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ድምፅ ማጉያውን ይሞክር ነበር፤ ከሁለት በላይ መቍጠር የተማረም አይመስልም። ባንዱ መድረክ ላይ የወጣው ለ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። «አላችሁ ወይ?» ብለው ጮኹብን። ከሌለን ያን ሁሉ ሰዓት በእግሩ የቆመው ማን ኖሮአል?

ሲጫወቱ ግን፣ እውነቱን መናገር ይገባል፣ ደኅና አድርገው ተጫወቱ። በየሠርጉ እንደምናየው አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ከበሮውንም መለከቱንም ከማሽን እያወጣ የሚያታልለን ዓይነት አልነበረም። ከበሮ መቺው በላብ ተጠምቆ ነበር። ባስ የሚመታው ልጅ ዓይኑን ከከበሮ መቺው እጅ አልነቀለም፤ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ዘግይቶ ሲገባ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ቤት ጨምረው ጠበቁት። እንዲህ ያለ መጠባበቅ በካሴትም በስልክም አይታይም። ወጣት ሰው ይህን በዓይኑ ቢያይ ከብዙ የግብረ ገብ ትምህርቴ የበለጠ ይማርበታል ብዬ አምናለሁ።

በሦስተኛው ዘፈን መካከል አጠገባችን የቆሙ ሁለት ልጃገረዶች ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። አስቀድሜ አነጋግሬአቸው ነበርና ከሱሉልታ እንደ መጡ አውቃለሁ፤ የመጨረሻው ታክሲ ሊያመልጣቸው ነበር። የከፈሉት ሙሉ ዋጋ ነው፤ የሰሙት ሁለት ዘፈን ተኩል ነው። ጥቂት ቆይቶ የእኅቴ ልጅም «ጋሼ፣ እናቴ ትጨነቃለች፣ እንሂድ» አለችኝና ተከተልናቸው። በመኪና የመጡት ሰዎች ግን በ3 ሰዓት ተኩል ነበር የደረሱት፤ ምንም አልቀረባቸውም። እንጦጦን አቋርጦ ወደ ሱሉልታ፣ በአስኮ ወደ ቡራዩ፣ በአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚወጣው ታክሲ ሲመሽ እየሳሳ ይሄዳል፤ የተገኘውም የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። ስለዚህ ሰዓት አለማክበር ከሁሉ እኩል የሚወስድ ጥፋት አይደለም። ከሚቸኩለውና ከደኻው ወስዶ መኪና ላለው የሚሰጥ ነው። በምሽት መንገድ ዳር የምትቆመው ልጃገረድ የምትከፍለውማ በብር አይቈጠርም።

በደርግ ዘመን ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ሰዓት እላፊ ስለ ነበረ ሙዚቀኛውም አድማጩም እስኪነጋ እዚያው ያድሩ ነበር። የባንዱ ሰው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከጓደኞቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ብዙ ዘመን ታክሲ ነዳ። እነዚያ ሰዎች ሌሊቱን ያሳለፉት በመንግሥት ትእዛዝ ታግደው ነው። የእኛን ልጆች የሚያግዳቸው ግን የአዘጋጁ ስንፍና ነው፤ ሊያፍርበት ሲገባ ደግሞ እንደ ትልቅነት ምልክት ይቆጥረዋል።

«ሕዝቡ ራሱ አርፍዶ ይመጣል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ሕዝቡን ማን አስተማረው? በ12 ሰዓት የመጣው ሰው እየተቀጣ፣ በ4 ሰዓት የመጣው እየተሸለመ ስንት ዓመት ሆነው? እኔ ክፍል ውስጥ አርፋጁን ጠብቄ ትምህርት ብጀምር ኖሮ በወሩ ሁሉም አርፋጅ በሆነ ነበር። «የክብር እንግዳ ስንጠብቅ ነው» ላሉትም፣ ቲኬት ከገዛው ሰው የበለጠ የክብር እንግዳ ማን እንደ ሆነ ያስረዱኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሦስቱ ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ሕዝባቸውም ብዙ ነው። ለሠርግና ለስብሰባ የሚከራይ አዳራሽ እናገኛለን፤ ባንድ ግን አይመጣልንም፤ ወጣቱ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ መውረድ አለበት ተብሎ ተፈርዶበታል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይምጡ። በ8 ሰዓት ይጀምሩ፤ በ11 ሰዓት ይጨርሱ። ከበሮና ጊታር ተሸክሞ ከአዲስ አበባ ሰበታ መድረስ ለአንድ መኪና ሥራ ነው፤ ለአምስት መቶ ወጣት ግን አምስት መቶ ጊዜ ታክሲ መጋፋት ነው። እኛ ሽማግሌዎችም በዚያ ሰዓት ከሆነ በሩን የምንቆልፍበት ምክንያት አይኖረንም፤ እንዲያውም መግቢያውን ከፍለን ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን። አንድ አዘጋጅ ይህን ብነግረው «የመድረኩ መብራት በቀን አያምርም» አለኝ። በአዳራሹ መስኮት ላይ መጋረጃ መስቀል ይቻላል አልሁት።