ድልድዩን ማን ይሥራ?

በዛሬው ዓምዳችን ወደ ጀርመን ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ወደ ጎርሊትዝ አውራጃ እንወስዳችኋለን። አውራጃዋ በሳክሶኒ ግዛት የምትገኝ ስትሆን በምሥራቅ ከፖላንድ፣ በደቡብ ከቼክ ሪፐብሊክ ትዋሰናለች። ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይኖርባታል። የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሶርቦችም ከጀርመኖቹ ጋር አብረው ይኖራሉ።

ዋና ከተማዋ ጎርሊትዝ ለሁለት የተከፈለች ናት። እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የናይሰ ወንዝ ድንበር ሆነ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ክፍል ወደ ፖላንድ ተካቶ ዝጎዤሌትስ ተባለ። በጦርነቱ ማብቂያ የፈረሰው የአሮጌው ከተማ ድልድይ እንደገና ተሠርቶ የተከፈተው በ2004 ነው። ማፍረሱ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ መልሶ ለመሻገር ግን 59 ዓመት ተጠበቀ።

በዚሁ አውራጃ ሄርንሁት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ «የጌታ ጥበቃ» እንደ ማለት ነው። በ1722 ስለ እምነታቸው ከሞራቪያ የተሰደዱ ምእመናን በካውንት ዚንዘንዶርፍ ርስት ላይ ተጠልለው መሠረቷት። ካውንቱ ኤርድሙት ዶሮቴያን ያገባው በዚያው ዓመት ነበር። በ1736 ከሳክሶኒ ሲባረር ርስቱንና ገንዘቡን ታስተዳድር የነበረችው እርሷ ናት።

ታዲያ ስደተኞቹ የአገር ድንበር ቢሻገሩም በመካከላቸው ሌላ ድንበር አበጁ። በትምህርትና በሥርዓት ተጣሉ፤ ተኮራረፉ። በ1727 ዚንዘንዶርፍ ሥራውን ትቶ ቤት ለቤት እየዞረ አነጋገራቸው፤ በግንቦት ወር አብረው ለመኖር ቃል ተግባቡ። ነሐሴ 13 በቤርተልስዶርፍ ቤተ ክርስቲያን ለጌታ እራት ሲቀርቡ የእግዚአብሔር መንፈስ ልባቸውን ነካ፤ በዕንባ አንድ ሆኑ። በዚያው ወር 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሰዓቱን ተከፋፍለው መጸለይ ጀመሩ። ጸሎቱም ከመቶ ዓመት በላይ ቀጠለ!

ከዚያች መንደር በ1732 የመጀመሪያዎቹ ወንጌላውያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄዱ። ሐኪሙ ፍሪድሪክ ሆከርም በ1752 ካይሮ የገባው ወደ አገራችን ለመዝለቅ አስቦ ነበር፤ ሳይሳካለት ቀረ እንጂ። በ2024 ሄርንሁት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ወገኖቼ፣ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። አስቀድሞ ዕርቅ፣ ቀጥሎ ጸሎት፣ ከዚያ ተልእኮ። እኛስ? በጸሎት ፕሮግራም ላይ ጎን ለጎን ቆመን ስለ አሕዛብ እንማልዳለን፤ ቤት ስንገባ ግን ሳምንት ያለፈው ኩርፊያ ይጠብቀናል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን በመካከላችን ናይሰ ይፈስሳል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል አስጠንቅቆናል (1ኛ ጴጥ. 3፡7)። እህቶችም ይህን ለባሎቻችሁ ብቻ አትተዉት።

«እርሱ ይጀምር»፣ «እርሷ ይቅርታ ትጠይቅ» እየተባባልን ስንት ዓመት እንጠብቅ? ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንዳችሁ ቀድማችሁ ተሻገሩ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!